ከደጃችን ስለ ተጣሉ እንስሳት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ አባቶች ካህናት፥ ምእመናን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ በዚህ ወር ልንነግራችሁ ያሰብነው ነገር ለአንዳንዱ ሰው ከዐውደ ምሕረት ሊነገር የማይገባ ትንሽ ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። የምንናገረው ስለ ውሻና ስለ ድመት ነውና። ነገር ግን ጌታችን በወንጌል ሰዎች በርካሽ የሚሸጧት ድንቢጥ እንኳ በእግዚአብሔር ፊት የተረሳች አለመሆኗን አስተምሮናል (ሉቃ. 12፥6)። ፈጣሪ ያልረሳውን ፍጡር እኛ ብንረሳው የጐደለው የእኛ እንጂ የፍጡሩ ክብር አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ሳትንቁ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልን እንለምናችኋለን።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንናዘዛለን። እኛ በተፈጥሯችን ውሻ የምንወድ ሰዎች አይደለንም። በልጅነታችን አኮፋዳ አንግተን፥ ደበሎ ለብሰን፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያልን ከደጅ ወደ ደጅ ስንዞር ከባለቤቱ በፊት የሚቀበለን ውሻው ነበር። የአብነት ተማሪ በትር የሚይዘው ለጌጥ አለመሆኑን በጉባኤ ቤት ያደጉ ሁሉ ያውቁታል፤ የውሻ ጥርስ ምልክትም እስከ ዛሬ በእግራችን ላይ አለ። ይሁን እንጂ እያደግን ስንሄድ አንድ ነገር አስተዋልን፤ ይኸውም እኛና ያ ውሻ የምንጠብቀው አንዱን ቁራሽ መሆኑን ነው። በሰው ደጅ ቆሞ የሰውን እጅ የሚያይ ሁሉ፥ ተማሪም ይሁን ለማኝ ወይም እንስሳ፥ የዚያን ደጅ ክፋትና ደግነት ከባለቤቱ ይልቅ አጥርቶ ያውቃል።

አሁን ወደ ሐረር ከተማ እንምጣ። ሐረር በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን በተሠራው በጀጐል ግንብ የተከበበች፥ በአምስት ጥንታውያን በሮቿ የታወቀች፥ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈች ከተማ ናት። በውስጧም ብዙ መስጊዶች ይገኛሉ፤ በፈረስ መጋላም የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ይታያል። ይህች ከተማ በዓለም ሁሉ ከምትታወቅበት ነገር አንዱ ሕዝቧ ከጅብ ጋር ያለው ኑሮ ነው። በመሸ ጊዜ ጅቦች ወደ ግንቡ አጠገብ ይመጣሉ፤ ሰውም ሥጋና አጥንት በእጁ ያጐርሳቸዋል። ሙስሊሞች ወገኖቻችንም በዓሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ አድርገው ለጅብ የማቅረብ የቆየ ልማድ አላቸው። በግንቡ ሥር ባሉት ቀዳዳዎችም ጅቡ ሌሊት ገብቶ በየመንገዱ የወደቀውን ለቅሞ ይወጣል።

እንግዲህ አስተውሉ። ለዱር አውሬ ድርሻ በሚሰጥባት በዚህች ከተማ በየቀኑ የሚጣለው እኛው በቤታችን ያሳደግነው እንስሳ ነው። ጅብ የሰውን እጅ አምኖ ሲቀርብ፥ ውሻ የሰውን እጅ አይቶ የሚሸሽ ሆኗል። ከግንቡ ውጭ ባለው በአዲሱ ከተማ ባለ ግቢ ሁሉ ሌባ እንዲጠብቅለት ቡችላ ያመጣል፤ ቡችላው አድጎ ይጠብቃል፤ ሲያረጅ ወይም ሲታመም፥ አለዚያም ቤተ ሰቡ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር በሩ ይዘጋበታል። ተከራዩ አዲሱ አከራይ ውሻ አይወድም ብሎ ይተወዋል። ሴት ቡችላ የሆነች እንደ ሆነ ገና ዓይኗ ሳይገለጥ በማዳበሪያ ከረጢት ተደርጋ ከቆሻሻ መጣያ ትደርሳለች። ድመትም እንዲሁ አይጥ እንድትይዝ ትፈለጋለች፤ የወለደች ጊዜ ግን ልጆቿ በካርቶን ተደርገው ሥጋ ከሚሸጥበት ገበያ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይጣላሉ። የጣለውም ሰው «እዚያ ፍርፋሪ አያጡም» ብሎ ኅሊናውን ያስተኛል።

ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ እንዳይመስላችሁ የራሳችንን በደል እንነግራችኋለን። ከብዙ ዓመት በፊት በዚያው በሐረር በአንድ ደብር ስናገለግል፥ ጊዜው የዐቢይ ጾም ወራት ነበር፤ ባለቤት የሌላት አንዲት ውሻ ከደጀ ሰላሙ በስተኋላ፥ እንጨት ከተከመረበት ሥር አምስት ቡችሎች ወለደች። እኛም ከቅጽሩ ውስጥ መሆኗን ባየን ጊዜ ተቈጥተን ዘበኛውን «እነዚህን ከዚህ አንሣልን» አልነው። ወዴት እንደሚወስዳቸው አልነገርነውም፤ ልናውቅም አልፈለግንም። እርሱም በጆንያ አድርጎ ከከተማው ዳር ካለው ቆሻሻ መጣያ አፈሰሳቸው። እናቲቱ ከሠርክ ጀምሮ በቅጽሩ ዙሪያ እየጮኸች ስትፈልግ አመሸች። እኛ ለሰዓታት ቆመን ስንጸልይ ጩኸቷ ይሰማን ነበር። ሌሊት የጅቡ ድምፅ ከዚያ ወገን መጣ። በማግሥቱ ከተማሪዎቻችን አንዱ፥ ገና ዳዊት ያልደገመ ሕፃን፥ ወደ ስፍራው ሄዶ ባዶውን ጆንያ አይቶ ተመለሰና «የኔታ፥ የበሏቸው ጅቦቹ ናቸው ወይስ እኛ ነን?» ብሎ ጠየቀን።

ያን ጊዜ የምንመልስለት ቃል አላገኘንም። በጾም ከሥጋና ከቅቤ ርቀን ነበር፤ ከምሕረት ግን እንደ ራቅን ያስታወቀን ሕፃኑ ነው። ውሻዪቱ ከቅጽሩ መውጣቷ ሥርዐት ነበር፤ ዓይናቸው ያልተገለጠ ግልገሎችን ለጅብ መስጠት ግን ሥርዐት አልነበረም። ጡት እስኪተዉ ታግሠን፥ ከአጥሩ ውጭ ከጥግ አስቀምጠን፥ በኋላ ለባለ ግቢ ምእመናን ማከፋፈል እንችል ነበር። አላደረግነውም። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውም ለዚያ ሕፃን ያልመለስነውን መልስ ለመመለስ ነው።

መልሱን ከመጻሕፍት እንፈልግ። እግዚአብሔር ከጥፋት ውኃ በኋላ ቃል ኪዳኑን ያቆመው ከኖኅና ከልጆቹ ጋር ብቻ ሳይሆን ከእነርሱ ጋር ከመርከቢቱ ከወጡ ሕያዋን እንስሳት ሁሉ ጋር ጭምር ነው (ዘፍ. 9፥8-17)። በሕገ ኦሪት እናቲቱን ከነጫጩቶቿ አብሮ መውሰድ ተከልክሏል (ዘዳ. 22፥6-7)። አውሬ የሰበረውን ሥጋ ሰው እንዳይበላው ሲከለክልም ሕጉ ድርሻውን ለውሾች ሰጥቶታል (ዘጸ. 22፥31)። ጠቢቡ ሰሎሞን የጻድቅ ሰው ምልክት ለእንስሳው ነፍስ መራራቱ እንደ ሆነ ያስረዳል (ምሳ. 12፥10)። በትንቢተ ዮናስ ፍጻሜም እግዚአብሔር ለነነዌ ያዘነበትን ምክንያት ሲገልጽ ከሕዝቡ ጋር እንስሶቿንም ቈጥሯል (ዮና. 4፥11)። ነቢዩ ዳዊትም ሰውንም እንስሳንም የሚያድን አንዱ ጌታ መሆኑን ይመሰክራል (መዝ. 35፥6)።

ምናልባት «ውሻ ርኩስ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም ክፉዎችን ውሾች ብሏቸዋል፤ በራእይም ውሾች ከከተማይቱ ውጭ ናቸው ተብሏል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቃሉ የተነገረው የሰውን ጠባይ ለመገሠጽ ነው እንጂ እግዚአብሔር የፈጠረውን እንስሳ ለማስጨነቅ አይደለም። የኦሪት ርኵሰትም የመብልና የመሥዋዕት ሥርዐት ነው፤ የማይበላና የማይሠዋ እንስሳ ሁሉ ይደብደብ፥ ይራብ ማለት አይደለም። ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ እንጠብቃለን፤ ይህ የቤቱ ክብር ነው። ከቤተ መቅደስ መከልከል ግን ከምሕረት መከልከል ሊሆን አይገባውም። የከነዓናዊቱን ሴት ነገር አስታውሱ፤ ግልገል ውሾች ከጌቶቻቸው ማዕድ የሚወድቀውን ፍርፋሪ እንደሚበሉ ተናግራ በዚያው ምሳሌ ሃይማኖቷ ተመሰገነ (ማቴ. 15፥21-28)። ምሳሌው የቆመው ባለ ማዕድ ሁሉ ፍርፋሪ አይነፍግም በሚል እውነት ላይ ነው። እኛ ፍርፋሪውን ከነፈግን ምሳሌውን ማስተማር እንዴት እንችላለን?

ደግሞ መጽሐፈ ጦቢትን እናንብብ። ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው ተከትሎታል፤ ሲመለሱም አብሮ ተመልሷል። መጽሐፉ ለዚህ ውሻ ምንም ሥራ አልሰጠውም፤ ቢሆንም መልአክ በሚሄድበት መንገድ ላይ ከመጓዝ አልከለከለውም። ቅዱስ ባስልዮስም ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ባስተማረው በዘጠነኛው ድርሳኑ የውሻን ውለታ ዐዋቂነት እያነሣ ውለታ ቢሶችን ሰዎች ያሳፍራል። በነገረ ማርያም የሚተረከውን፥ በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳም የሚሣለውን ታሪክ የማያውቅ ማነው? እመቤታችን የተጠማ ውሻ አይታ በጫማዋ ውኃ አጠጥታዋለች። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሳና ከ60 ነብር ጋር እንደ ኖሩ፥ የተጠማችም ወፍ ከዓይናቸው እንባ እንደ ጠጣች ገድላቸው ይነግረናል። ሙስሊሞች ጎረቤቶቻችንም ለተጠማ ውሻ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ይቅርታ እንዳገኘ ይማራሉ። እንግዲህ በሐረር መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ ቃል ሊያስተምሩት የሚችሉት ነገር ይህ ነው።

ሌላው ሰው ደግሞ «ሰው በተራበበት አገር ስለ ውሻ ማልቀስ ምን ይባላል?» ይላል። ይህ ከባድ ጥያቄ ስለ ሆነ በቸልታ አናልፈውም። ሰው በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጥሯልና የሰው ረኀብ ይቀድማል። ነገር ግን የአልዓዛርን ታሪክ እንመልከት (ሉቃ. 16፥19-31)። በባለጠጋው ደጅ የወደቀውን ድኻ ባለጠጋው አላየውም፤ ቍስሉን የላሱለት ውሾቹ ናቸው። ሰው የነፈገውን ርኅራኄ እንስሳ ሰጠ። አልዓዛርና ውሾቹ በአንድ ደጅ ላይ ነበሩ፤ አንዱን የረሳ ሌላውን አላስታወሰም። ዛሬም በከተሞቻችን ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆች በብርድ ሌሊት ውሻ አቅፈው ሲተኙ እናያለን። የተጣለ ልጅና የተጣለ ውሻ እርስ በርሳቸው ይሞቃሉ። ለአንዱ የራራ ልብ ለሌላው አይጨክንም፤ ምሕረት ሲካፈል የሚያልቅ እንጀራ አይደለምና።

ደግሞም የተጣለው እንስሳ ጕዳት ወደ ሰው መመለሱ አይቀርም። ውሻ የምታረግዘው ሁለት ወር ያህል ብቻ ነው፤ በዓመትም ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። አንዲት የተጣለች ውሻ በጥቂት ዓመት ውስጥ መንጋ ትሆናለች። መንጋውም ከቆሻሻ መጣያ ይኖራል፤ ክትባት አያገኝም፤ ከዚያም የእብድ ውሻ በሽታ ይገባበታል። በ2007 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በዚህ በሽታ በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000፥ በአገራችንም ወደ 2,700 የሚጠጉ ሰዎች እንደሚሞቱ ገምቷል። ለሰው የሚተላለፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከውሻ ነው፤ ከሚነከሱትም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። በባሌ ተራሮች በሚገኙት ቀይ ቀበሮዎች ላይ እንኳ በ1996 ዓ.ም. ይኸው በሽታ ከውሾች ተላልፎ ብዙዎቹን ፈጅቷል፤ እነዚህም ፍጥረታት በዓለም ላይ ያሉት በአገራችን ብቻ፥ ቍጥራቸውም 500 ያህል ነው።

በዚህ ነገር ላይ ለካህናት ወንድሞቻችን በተለይ የምንለው አለ። ውሻ የነከሰው ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚመጣው ወደ ጠበል ወይም ወደ ባህል መድኃኒት ዐዋቂ ነው። ጠበልን የምናቃልል አይደለንም፤ በጠበሉ ኖረናልና። ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ ባለ መድኃኒትን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው ያስተምራል (ሲራ. 38)። ስለዚህ ማናችንም ብንሆን የተነከሰ ሰው ወደ እኛ በመጣ ጊዜ ቍስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሄዶ ክትባቱን እንዲጀምር እንንገረው። ጠበሉንም ይጠመቅ፤ ክትባቱንም ይፈጽም። በእኛ ዝምታ የዘገየ ሰው ቢሞት ደሙ ከእኛ እጅ ይፈለጋል።

እንግዲህ መፍትሔው መርዝ ነውን? በብዙ ከተማ የተለመደው ይህ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሦስተኛው ሺህ ዓመት በዓል ሲቃረብ በአዲስ አበባ የባዘኑ ውሾች በመርዝ መገደላቸው በዜና ተነግሮ ነበር። ሰዎች ጥለው ያባዘኑት እንስሳ ከተማው ለእንግዳ እንዲያምር በምጥ ይሞታል። መርዙም ባለቤት ያለውንና የሌለውን፥ ውሻውንና ድመቱን፥ ሬሳውን የሚያነሡትን አሞራና ጅብ አይለይም። ከዚህም በላይ በሽታውን አያጠፋውም፤ በሞቱት ፋንታ ሌሎች ይወለዳሉ፥ ሌሎችም ይጣላሉና። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስተምረው በአንድ ስፍራ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ቢከተቡ የበሽታው መተላለፍ እንደሚቋረጥ ነው። ስለዚህ ምሕረቱና ጥበቡ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ መንገድ ሆነው እናገኛቸዋለን።

ስለ ጾማችንም አንድ ቃል እንጨምር። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2012 የታተመ በትግራይ፥ በመቀሌ አካባቢ የተደረገ ጥናት በዐቢይ ጾም ጊዜ የከብት ዕርድ ስለሚቀንስ ጅቦች ከሥጋ ቤት የሚጣለውን አጥተው አህዮችን ወደ ማደን እንደሚዞሩ አሳይቷል። 55 ቀን ስንጾም አጥንትና ትርፍራፊ ይኖሩ የነበሩ እንስሳትም ሳይወዱ አብረውን ይጾማሉ። እኛ ለነፍሳችን ዋጋ እንጾማለን፤ እነርሱ ግን ያለ ዋጋ ይራባሉ። የጾም ሥርዐት ከማዕዳችን ያጐደልነውን ለድኻ እንድንሰጥ ነው፤ ከዚያ የተረፈውን ሽሮና እንጀራ ለደጃችን ውሻ መስጠት የሚከብድ አይደለም። ያ በደል የተፈጸመው በጾም ወራት ስለ ነበር ይህን ስንጽፍ ልባችን ይወቅሰናል።

አሁን እያንዳንዱ ሊያደርገው የሚገባውን በአጭሩ እንናገር። ሊመግበውና ሊያኖረው የማይችል ሰው እንስሳ ወደ ቤቱ አያምጣ። ያመጣም ሰው እስከ ሞቱ ድረስ ባለ ዕዳው መሆኑን ይወቅ። ከቦታ ወደ ቦታ የሚዛወር ሰው ዕቃውን ለማን እንደሚተው እንደሚያስብ ሁሉ ውሻውንና ድመቱን ተቀባይ ይፈልግላቸው። ውሻውን በየዓመቱ ያስከትብ፤ ሌሊት በግቢው ይጠብቀው። የእንስሳት ሐኪም በሚገኝበት ሁሉ እንዳይወልዱ ያስመክናቸው ወይም ያስኰላሻቸው፤ ወልዶ ከመጣል አለማስወለድ ይሻላልና። ግልገል የተወለደም እንደ ሆነ ጡት እስኪተው ታግሦ ለሚያሳድግ ይስጥ። ባለ ሥጋ ቤቶች ተረፉን በሜዳ አይበትኑት፤ ልቅ ውሻ ሁሉ የሚሰበሰበው በዚያ ነው። የነፍስ አባቶች በንስሐ ልጆቻቸው ቤት ሲገቡ ስለ ጸሎትና ስለ ጾም እንደሚጠይቁ ሁሉ በግቢው ያለው ውሻ መከተቡንና መመገቡንም ይጠይቁ። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም ልጆች በድመትና በውሻ ላይ ድንጋይ እንዳይወረውሩ ያስተምሩ፤ ጭካኔ የሚለመደው በሚናቀው ነገር ላይ ነውና። የእብድ ውሻ በሽታ መታሰቢያ ቀን በዓለም የሚከበረው ሉዊ ፓስተር ባረፈበት ቀን፥ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 28 ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከመስቀል በዓላችን ማግሥት ይውላል። ደመራው በበራ ማግሥት ካህኑ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ቢናገር፥ ምእመኑም ውሻውን ይዞ ወደ ክትባት ቢወጣ እንዴት ያማረ ነው!

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ያ ሕፃን የጠየቀን ጥያቄ ዛሬም አልተመለሰም፤ በቃል ሳይሆን በሥራ የሚመለስ ነውና። እኛ ከዚያ ወዲህ በደጃችን የወለደች ውሻ ባየን ጊዜ «ከዚህ አንሣልን» ማለትን ትተናል፤ ወዴት ትወሰድ የሚለውን ራሳችን እንጠይቃለን። በዚያ ዓመት እናቲቱ ውሻ ከቅጽሩ ዙሪያ ሳትርቅ ቆይታ ነበር፤ ተማሪዎቹ ከአኮፋዳቸው ቁራሽ ሲያካፍሏት እያየን ዝም አልን፤ በኋላም ከራሳችን ድርሻ ጨመርን። ለምነው ያገኙትን የሚያካፍሉ ሕፃናት መምህሮቻችን ሆኑ።

የቍራዎችን ልጆች በጩኸታቸው የሚሰማ (መዝ. 146፥9)፥ ለሥጋ ለባሽ ሁሉ ምግብን የሚሰጥ አምላክ ለደካማው ሁሉ የሚራራ ልብ ይስጠን፤ የበደልነውንም ይቅር ይበለን። የእመቤታችን አማላጅነት የቅዱሳኑም ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።